ባለቤቷን በአጣዬ ላጣች ጎረቤቴ ምን ላድርግላት?

የጠባሴዋ መምህርት፦

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። የምኖረው ደብረ ብርሃን፣ ጠባሴ ነው። በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አስተምራለሁ፤ በሰንበት ትምህርት ቤትም ሕፃናትን አገለግላለሁ። የምጠይቃችሁ በአንድ ግቢ አብራኝ ስለምትኖር ጎረቤቴ ነው። ከእኔ ቤት ቀጥሎ ያለውን ክፍል ተከራይታ ከአንድ ልጇ ጋር ትኖራለች።

በ2013 ዓ.ም. አጣዬ ስትቃጠል ባለቤቷን አጣች። ልብስ ሰፊ ነበር። እሷ ጡት ያልጣለ ልጇን አዝላ ስትወጣ «የሰው ልብስ በእጄ ነው፤ ቤቱን ቆልፌ እደርስባችኋለሁ» ብሎ ወደ ኋላ ቀረ። አልደረሰባቸውም። እዚያ የቀሩ ሰዎች ከሌሎች ሟቾች ጋር እንደቀበሩት ከሳምንታት በኋላ በስልክ ሰማች። መቃብሩን እስከ ዛሬ አላየችውም።

ሌሊት አትተኛም። ግድግዳችን አንድ ስለሆነ ስትነሣ ስትቀመጥ እሰማታለሁ። እንጀራ ጋግራ ለምግብ ቤቶች ስለምታስረክብ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ምጣዱን ትጥዳለች፤ «ተኝቼ ከማያቸው ነገሮች ጭሱ ይሻለኛል» ትላለች። በር በነፋስ ሲላተም ቀድማ የምትይዘው ልጁን ነው። ባለፈው ጥምቀት ታቦታቱ ሲወጡ ጥይት ሲተኮስ ከአጠገቤ ጠፋችብኝ። ፈልጌ ያገኘኋት ከመንገዱ ዳር ባለ ሱቅ፣ ከባንኮኒው ሥር ልጇን አቅፋ ነው።

ከሁሉ የከበደኝ ግን ቤተ ክርስቲያን መሄድ መተዋ ነው። ከበሮ ሲመታ ያልባታል፣ ትንፋሽ ያጥራታል፣ ሰው ገፍታ ትወጣለች። ይህን ያዩ ሴቶች «ከበሮ የሚፈራ ርኩስ መንፈስ ነው» ብለው አወሩ፤ ወሬውም ለራሷ ደረሳት። አንዷማ «ምን በድለሽው ይሆን?» ብላታለች።

አምና በስንት ልመና ሐኪም ዘንድ ወስጃት ማታ ማታ የሚዋጥ መድኃኒት ታዘዘላት። እንቅልፍ ትንሽ ይዟት ነበር። ከዚያ ጠበል ሄደች፤ በዚያ ያገኘችው አንድ ሰው «ሁለቱ አብረው አይሄዱም» ሲላት መድኃኒቱን አቆመች። አሁን ወደ ነበረችበት ተመልሳለች።

በቀደም ቡና እየጠጣን «እኔን እግዚአብሔር ረስቶኛል፤ አንቺ ዝም ብለሽ አትልፊ» አለችኝ። መልስ አላገኘሁላትም። እባካችሁ፣ እንዲህ ላለ ሰው ምን ይባላል? እንዴትስ ወደ ቤተ ክርስቲያን ልመልሳት?

የአንጎለላው፦

እህቴ፣ አትጨነቂ። ጻድቃኔ ማርያም ውሰጃት። ታናሽ እህቴ ከወለደች በኋላ አእምሮዋ ተነክቶ ልጇን አላቅፍም ብላ ነበር። በሰላ ድንጋይ በኩል ወስደናት፣ እናታችን አብራት ሰንብታ፣ ተጠምቃ ድና ተመልሳለች። ዛሬ ልጇን ትምህርት ቤት የምታደርሰው ራሷ ናት። ስለዚህ በእመቤታችን ተስፋ እንዳትቆርጪ። መድኃኒቱን ግን ትተወው፤ በሁለት ልብ ሆኖ ጠበል አይገባም። ለቅሶም ሲበዛ እግዚአብሔርን ማማረር ነው፤ «ይበቃሻል» በያት።

የመሐል ሜዳዋ ነርስ፦

ልጄ፣ እኔ ጡረታ የወጣሁ ነርስ ነኝ። በመንዝም በቆላውም ሠርቻለሁ፤ የእመቤታችንንም ጽዋ በየወሩ እጠጣለሁ። ስለዚህ በጠበሉም በክኒኑም ላይ ስናገር ከውጭ ሆኜ አይደለም።

በመጀመሪያ ለአንጎለላው ወንድሜ። እህትህን ለማረልህ አምላክ ምስጋና ይግባው። ጻድቃኔ ማርያም ስንቱ ያለቀሰባትና የተጽናናባት ደጅ ናት፤ በዚህ አልከራከርህም። ደግሞም ልብ በል፤ እህትህ ብቻዋን አልሄደችም፣ እናትህ አብራት ሰንብታለች። መድኃኒቱን ትተወው ያልከው ግን ሰው የሚጎዳ ምክር ነውና እባክህ መልሰው። መጽሐፈ ሲራክን ምዕራፍ 38 ግለጠውና አንብብ፤ ሐኪምን አክብረው፣ እሱንም የፈጠረው እግዚአብሔር ነው፣ መድኃኒትንም ከምድር ያወጣ እሱ ነው ይላል። ወንጌል የጻፈልን ሉቃስ ባለ መድኃኒት ነበር። የኤች አይ ቪ ሕሙማን ጠበል እየተጠመቁ መድኃኒታቸውን ያቋርጡ በነበረበት ጊዜ ፓትርያርኩ አቡነ ጳውሎስ ሁለቱ እንደማይጣሉ፣ አብረው እንዲወሰዱ በአደባባይ ተናግረዋል። በሁለት ልብ መሆን አይደለም፤ ከአንድ እጅ ሁለት ስጦታ መቀበል ነው።

አሁን ወደ አንቺ። እንዲህ ያለው መድኃኒት እንደ ራስ ምታት ክኒን በዚያው ቀን አይሠራም፤ አብዛኛውን ጊዜ ለውጡ የሚታየው ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ቆይቶ ነው፤ የሚዘገይበትም አለ። በድንገት ሲቆም ደግሞ እንቅልፍ ማጣት፣ ማዞር፣ መረበሽ ሊያመጣ ይችላል። ሰው ያንን ሲያይ «ይኸው፣ መድኃኒቱ ነበር የሚያሳብዳት» ይላል። ስለዚህ በራሷ እንዳቆመችው በራሷ አትጀምረው፤ ያዘዘላት ሐኪም ዘንድ መልሰሽ ውሰጃትና የሆነውን ሁሉ ይስማ። ማታ የሚዋጥ መድኃኒት ጠዋት በባዶ ሆድ የሚጠጣን ጠበል አይከለክልም። ጾም ከሆነባትም ንስሐ አባቷ ያውቃሉ፤ ቤተ ክርስቲያን የታመመን ሰው በጾም አታስጨንቅም።

ስለ ከበሮው። እነዚያ ሴቶች ይህችን ሴት የበደሏት እንዴት እንደሆነ ባወቁት! እባብ ያየ በልጥ በረየ አይደል የሚባለው? ያቺ ሴት ቤቷ የነደደው፣ ባሏ የቀረው በተኩስ ድምፅ ውስጥ ነው። ሰውነቷ የዚያን ቀን የተማረውን ፍርሃት ይዞ ቀርቷል፤ ድብ የሚል ነገር በሰማ ቁጥር ሩጪ ይላታል። ከበሮው ስለተቀደሰ አይደለም የምትሸሸው፤ ባዶ በርሜል ቢመታም ትሸሻለች። በር ሲላተምስ የምትደነግጠው በሩ ታቦት ሆኖባት ነው? በሙያዬ ይህን ብዙ አይቻለሁ፤ ስም ያለው፣ የሚታከም ሕመም ነው። ኃጢአትም የእምነት ጉድለትም አይደለም።

ስለዚህ ወደ ንግሥ በዓል አትጎትቻት። በማለዳ ኪዳን ሲደረስ ውሰጃት። በዚያ ሰዓት ከበሮ የለም፣ ግፊያ የለም፤ ያሉት ጥቂት እናቶችና ካህናቱ ናቸው። ከደጀ ሰላሙ አጠገብ፣ መውጫው ከሚታያት ቦታ ተቀመጡ። «እንውጣ» ካለች አብረሻት ውጪ፤ ለምን ብለሽ አትጠይቂያት፣ ወደ ውስጥ እንድትገባም አትለምኛት። መውጣት እንደምትችል ስታውቅ ነው መቆየት የምትጀምረው። የደብረ ብርሃንን የማለዳ ብርድ አንቺ ታውቂዋለሽ፤ ወፍራም ጋቢ አልብሻት። እንዲህ እየዋለ እያደረ ቅዳሴው ይቀጥላል፤ ከበሮው ይደርሳል፤ አይቸኩልም።

ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው ጉዳይ ግን ሌላ ነው። ይህች ሴት ባሏን አላለቀሰችውም።

አስቢው እስቲ። በእኛ አገር መርዶ የሚነገረው ሰው ተሰብስቦ፣ በማለዳ፣ የሚይዝና የሚደግፍ ሰው በግራ በቀኝ ቆሞ ነው። እሷ በስልክ ሰማች። ድንኳን አልተተከለላትም፤ እድሯም እንደ እሷው ተበትኗል። ግንባሯን የነካላት፣ ነጠላዋን ያዘቀዘቀላት፣ ንፍሮ የቀቀለላት የለም። አባቶቻችን ለሐዘን ቀን ቆርጠውለታል፤ ሠልስት፣ ሰባት፣ አሥራ ሁለት፣ ሠላሳ፣ አርባ፣ ሰማንያ፣ መንፈቅ፣ ሙት ዓመት። ጸሎቱ ለሟቹ ነው። ነገር ግን በእያንዳንዱ ቀጠሮ ካህኑ ይመጣል፣ ጎረቤት ይመጣል፣ የሟቹ ስም ይነሣል፤ ሐዘንተኛዋም እስከሚቀጥለው ቀጠሮ የምትይዘው ነገር አታጣም። ጎረቤትሽን ይህ ሁሉ አልፏታል። ሐዘኗ የመጀመሪያው ቀን ላይ ቆሞ የቀረው ለዚህ ነው።

ጦርነቱ ሸዋ በደረሰበት በ2014 ዓ.ም.፣ ከሸዋ ሮቢትና ከአጣዬ በኩል የመጡ ሰዎችን አነጋግር ነበር። አንድ ጎልማሳ ራሱን እያመመው በተደጋጋሚ ይመጣ ነበር። ግፊቱ ደህና፣ ዓይኑ ደህና፣ ደሙ ደህና። አንድ ቀን ካርዱን አጥፌ «ምን ያሳስብሃል?» ብለው እጁን ራሱ ላይ ጭኖ «ለአባቴ አርባውን አላወጣሁለትም» አለኝ። ተከራይቶ ያለበት ሰፈር ያሉ ሰዎች ተሰባስበው፣ ዳቦ ተጋግሮ፣ ካህን ተጠርቶ የአባቱ መታሰቢያ ተደረገ። ሕመሙ በዚያው ጠፋ አልልሽም። ከዚያ ወዲህ ግን ሌሊት ይተኛ ነበር፤ ስለ አባቱም ማውራት ጀመረ።

እናም ልጄ፣ የባሏን መታሰቢያ አድርጉለት። ድግስ አያስፈልግም፤ ዳቦ፣ ጠላ፣ ንፍሮ ይበቃል። ከአጣዬ መጥተው ደብረ ብርሃን የሚኖሩትን ፈልጊና ጥሪ፤ እሱ የሰፋላቸውን ልብስ ለብሰው የዳሩ፣ የተዳሩ ሰዎች አይጠፉም። «እንዲህ አድርጎ ጠቅሞልኝ፣ እንዲህ ብሎ አስቆኝ» እያሉ ያንሡት። ታልቅስ፤ አጠገቧ ሁኚ።

ምን ልበላት ላልሽው፣ ጥቂት ተናገሪ፣ ብዙ ሥሪ። የኢዮብ ወዳጆች ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት ቃል ሳይናገሩ ከእሱ ጋር መሬት ላይ ተቀመጡ፤ ያጠፉት መናገር ሲጀምሩ ነው። ኤልያስም ነፍሴን ውሰዳት ብሎ ከዛፉ ሥር ሲተኛ መልአኩ አልገሠጸውም፤ እንጎቻና ውኃ አቀረበለት፣ እሱም በልቶ ጠጥቶ ተመልሶ ተኛ። አንቺም ሊጡን አቡኪላት፣ ውኃ ቅጂላት፣ ማታ ልጁን አስጠኚላት፤ እሷ ጋደም ትበል። «እግዚአብሔር ረስቶኛል» ስትልሽ አትከራከሪያት፤ «ይህን ያህል ከብዶሻል» ብለሽ እጇን ያዢ።

ቀሲስ ከሞላሌ፦

እህታችን ነርሷ ብዙውን ተናግረዋል፤ እኔ በክህነቴ በኩል ያለውን ልጨምር።

«እግዚአብሔር ረስቶኛል» ማለቷ አስደንግጦሻል። ልጄ፣ ቃሉ የእሷ አይደለም፤ የዳዊት ነው። «አቤቱ፥ እስከ መቼ ፈጽመህ ትረሳኛለህ?» ይላል፤ በግእዙ ዳዊት 12ኛው፣ በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ 13ኛው መዝሙር ላይ ታገኚዋለሽ። ይህን እኛ በየሳምንቱ እንደግመዋለን፤ በዕጣን ፊት ቆመን እንለዋለን። እንዲህ ብሎ የጮኸ ሰው ከእግዚአብሔር ጋር መነጋገሩን አላቋረጠም። ያማረረች ሁሉ የካደች አይደለችም። አንድ ማታ ይህን መዝሙር ብቻ አንብቢላት፤ ማብራሪያ አትጨምሪበት።

«ምን በድለሽው ይሆን?» ላለቻት ሴት ጌታችን ራሱ መልሷል። ዕውር ሆኖ የተወለደውን ሰው አይተው ደቀ መዛሙርቱ «ማን ኃጢአት ሠራ?» ሲሉት እሱም ወላጆቹም እንዳልሆኑ ነግሯቸዋል፤ ዮሐንስ ምዕራፍ 9 ላይ ነው። ጌታ ያልፈረደባትን ጎረቤት አይፍረድባት።

ሌላም ነገር እጠረጥራለሁ። ከእንዲህ ያለ ቀን የተረፈ ሰው ብዙ ጊዜ በልቡ «ጎትቼ ባወጣው ኖሮ» እያለ ራሱን ይከስሳል። ወደ እኔም ለንስሐ ብለው መጥተው የተናዘዙት ይህንኑ የሆኑ ሰዎች አሉ፤ መትረፋቸውን እንደ ኃጢአት ይነግሩኛል። ንስሐ የሚሰጠው ለሠሩት በደል ነው። ሕፃን አዝሎ ከእሳት መውጣት በደል አይደለምና ቀኖና የለውም። እመቤታችንም ልጇን አዝላ ከሄሮድስ ሸሽታለች፤ ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ጽጌን የምንጾመው ያን ስደት እያሰብን ነው። ለጎረቤትሽ ይህን አንድ ካህን በአፉ ቢነግራት መልካም ነው፤ ከእኔና ከአንቺ ይልቅ በልብሰ ክህነት ፊት ለፊት ስትሰማው ይረጋላታል። ንስሐ አባት ከሌላት በአጥቢያሽ ካሉት አባቶች ታጋሹን ምረጪላት። ታጋሹን ያልኩት ሆን ብዬ ነው።

ስለ መታሰቢያው፣ የባለቤቷን የክርስትና ስም ጠይቂያት፤ ካህኑ በጸሎት የሚያነሣው በዚያ ስም ነው። አስከሬኑ እዚህ አለመኖሩ አያሳስባችሁ። ስንቱ በሩቅ አገር ወድቆ በእናቱ ደጅ ባለው ቤተ ክርስቲያን ስሙ ተጠርቶለታል። ዓመታት አለፉ ብላም አትፈር፤ ሙት ዓመት በየዓመቱ የሚመጣ ነው።

ምስጢረ ቀንዲልንም አትርሱ። ብዙ ሰው ለሚሞት ሰው ብቻ የሚደረግ ይመስለዋል። ሐዋርያው ያዕቆብ ያዘዘው ለታመመ ነው፤ ካህናትን ይጥራ፣ ዘይት ቀብተው ይጸልዩለት አለ። እሷም ታማለች። ካህኑ ቤቷ መጥተው ቢጸልዩላት፣ ከበሮም ግርግርም የሌለበት ጸሎት ነው።

የደብረ ሲናው፦

የምሄድበት ቤተ ክርስቲያን ከእናንተ የተለየ ነው፤ ወንጌላዊ አማኝ ነኝ። ግን በጦርነቱ ወንድሜን ስላጣሁ ዝም ማለት አልቻልኩም። ስለ ጎረቤትሽ ሁለት ነገር ልለምንሽ።

አንደኛው፣ «ይቅር በያቸው» የሚሏትን አርቂላት። ይቅርታ የጌታ ትእዛዝ መሆኑን አምናለሁ፤ ዛሬ ወደዚያ እየሄድኩ ነው። ነገር ግን ወንድሜ በተቀበረ ሰሞን አንድ የማከብራቸው ሰው መጥተው፣ ገና ምን እንደደረሰብኝ ሳልናገር ይቅር እንድል አስጨነቁኝ። በደሉን ያልሰማ ሰው ይቅርታ ሲጠይቅ «ዝም በል» እንደማለት ሆኖ ነው የሚሰማው። መጀመሪያ ይሰሟት።

ሁለተኛው፣ ሲሻላት ቶሎ ወጥታ እንድትመሰክር አታድርጓት። በእኛ ዘንድ ይህ ይበዛል፤ ሰው ትንሽ ፈገግ ሲል መድረክ ላይ ይወጣና ድል አገኘሁ ይላል፣ ማታ ቤቱ ሲገባ ሐዘኑ ቁጭ ብሎ ይጠብቀዋል፣ ከዚያ በኋላ ለማን ይናገረው? እኔን የረዱኝ ሁለት ሽማግሌዎች ናቸው። ማታ ማታ እየመጡ አብረውኝ ቆሎ ይቆረጥማሉ፣ ጥቂት ይጸልያሉ፣ ይሄዳሉ። አንዱ ሲጸልዩ የወንድሜን ስም እየጠሩ እናቴን አደራ ይሉ ነበር። ያንን ጸሎት የሰማሁበት ወንበር እስከ ዛሬ ቤቴ አለ።

የአንጎለላው፦

እናቴ ነርሷ፣ ምክርዎን ተቀብያለሁ። እህቴንም ጠየቅኋት፤ እናቴ ባትሰነብትላት ኖሮ እንደማትቆይ ነገረችኝ። መምህርት፣ መታሰቢያውን ስታደርጉ ከእኔ ቤት ገብስ ይመጣል፤ ለዳቦውም ለጠላውም የሚሆን።

የጠባሴዋ መምህርት፦

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ያክብርልኝ። መዝሙሩን ትናንት ማታ አነበብኩላት። ምጣዱን እየወለወለች ነበር፤ ቆም አለችና «ዳዊት ነው እንዲህ ያለው? ንጉሡ?» አለችኝ። እንደገና አንብቢልኝ አለች። ስለ መታሰቢያው ስነግራት ረጅም ሰዓት ዝም ካለች በኋላ ስሙን ነገረችኝ፤ ኃይለ ጊዮርጊስ ነው የክርስትና ስሙ። ቀጥላም ከአጣዬ የመጡ ሦስት ቤተሰቦች የት የት ሰፈር እንደሚኖሩ ቆጠረችልኝ። እስካሁን አታገኛቸውም ነበር።

አሁን የቸገረኝ የልጁ ነገር ነው። ሁለተኛ ክፍል ደርሷል። አባቱ ዐረብ አገር ሄዷል ተብሎ ነው ያደገው፤ ጓደኞቹ ከዐረብ አገር ቦርሳ ሲላክላቸው እያየ «የእኔስ አባት መቼ ነው የሚልክልኝ?» ይላል። በመታሰቢያው ቀን ወደ ዘመድ እንላከው ወይ? ደግሞ አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ ባለፈው ሳምንት «ተኝቼ ባልነቃ እንዴት ደስ ባለኝ» ብላኛለች። ለማንም አልተናገርኩም።

የመሐል ሜዳዋ ነርስ፦

ልጄ፣ ከመጨረሻው ልጀምር። ዛሬውኑ፣ ልጁ በሌለበት፣ በግልጽ ጠይቂያት፤ «ራስሽን ለማጥፋት አስበሽ ታውቂያለሽ? በምን አስበሻል?» በያት። መጠየቅ ሐሳቡን አያመጣባትም፤ ብዙዎቹ ሰው ጠየቀኝ ብለው ይቀልላቸዋል። አዎ ካለችሽና መንገዱንም አስባበት ከሆነ ነገን አትጠብቂ፤ ሆስፒታል ውሰጃት፣ ሌሊትም ቢሆን። እስክትደርሱ ብቻዋን አትተያት። አላሰብኩም ብትልም የሐኪሙን ቀጠሮ በዚህ ሳምንት አድርጊውና ይህን ቃሏን ንገሪያቸው። በግቢያችሁ የአይጥ መርዝ ወይም የተባይ መድኃኒት ካለ አውጡት። መድኃኒቱ እንደገና ከታዘዘላትም አንቺ ዘንድ ይቀመጥና የየዕለቱን ስጫት። ምስጢሯን አወጣሁ ብለሽ አትጨነቂ፤ ለሐኪምና ለንስሐ አባት መንገር ሐሜት አይደለም።

ልጁን አትላኩት። አባቱን በውሸት ሲጠብቅ አድጓል፤ አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ልጆች ይሰማዋል፣ ያን ጊዜ አባቱንም የእናቱንም ቃል ያጣል። ከመታሰቢያው በፊት እናቱ ትንገረው፤ አንቺ አጠገባቸው ሁኚ። ተኝቷል፣ ርቆ ሄዷል የሚባል ነገር አይግባበት፤ ልጅ እንደ ቃሉ ይወስደዋል፣ መተኛትም ይፈራል። «አባትህ ሞቷል። አንተ ገና ትንሽ ሳለህ ነው። ትቶህ አልሄደም፤ ይወድህ ነበር። አልነገርኩህም፣ ስለከበደኝ ነው» ትበለው። ስለ አሟሟቱ የጠየቀውን ያህል ብቻ ይመለስለት። ሊያለቅስ ይችላል፤ ወዲያው ወጥቶ ኳስ ሊጫወትም ይችላል፤ ልጆች እንዲህ ናቸው፣ ክፉ አይባልም። ሊናደድባትም ይችላል፤ ትቻለው።

በመታሰቢያው ቀን ጧፍ ይያዝ፤ ካህኑ ኃይለ ጊዮርጊስ ብለው ሲጠሩም ይስማ። ከአጣዬ ለሚመጡት ሰዎች አስቀድመሽ ንገሪያቸው፤ ጮክ ብለው ከመጮኻቸው በፊት እናትየውን ያስጠንቅቋት፣ በሩም ክፍት ይሁን። የአባቱ ሥራ የሆነ ልብስ ያለው ሰው ካለ ይዞ ይምጣና ለልጁ ያሳየው።